ስለ ዐውሎ ነፋስና ስለ ደራሽ ውሃ ለሙስሊሞች የተሰጠ ምክር

በአላህ ስም እንጀምራለን። ነፋስን ለሚልከው፣ ደመናን ከባሕር አንሥቶ ወደ ደረቁ ምድር ለሚነዳው፣ ዝናምን ለአንዱ ሲሳይ ለሌላው ፈተና ለሚያደርገው ጌታ ምስጋና ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ ክቡር አንባቢ ሆይ! ዐውሎ ነፋስ እየመጣ ነው የሚል ወሬ በወደብ ከተማ በተሰማ ጊዜ፣ ከነጋዴዎች አፍ ብዙ ጊዜ የሚወጣ አንድ ቃል አለ። «የተጻፈው አይቀርም፤ ሱቄን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» ይላሉ። ይህ ቃል የእምነት ልብስ የለበሰ ነው፤ ልብሱን ገልጠህ ብታየው ግን ውስጡ ብዙውን ጊዜ ለዕቃ መሳሳት ነው። ሰውየው በአላህ ውሳኔ ያመነ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያ ሰው ማታ ሱቁን ሲዘጋ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዙሮ መቈለፉን አይተውም። ሌባን በቁልፍ የሚጠብቅ ሰው ውሃን በውሳኔ ብቻ ልጠብቅ ማለቱ ስለ ምን ነው?

ስለዚህ ነገር ከሶሐቦች የተላለፈልንን እናስታውስ። የሙእሚኖች አዛዥ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለው ስፍራ በደረሱ ጊዜ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሶሐቦችን አማክረውም ለመመለስ ቈረጡ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይሆንምን ብለው በጠየቋቸው ጊዜ፣ ዑመር መሸሻቸው ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ መሆኑን መለሱላቸው። ቀጥለውም የግመል እረኛን ምሳሌ አቀረቡ፤ ይኸውም ሁለት ዳርቻ ያለው ሸለቆ ነው፤ አንዱ ዳርቻ ለምለም፣ ሁለተኛው ደረቅ ነው፤ እረኛው በየትኛውም ቢያሰማራ በአላህ ውሳኔ ነው። እንግዲህ አስተውል! ዑመር ምሳሌያቸውን ከሸለቆ ነው የወሰዱት። ሸለቆው ሲሞላ ዝቅተኛው ዳርቻ የአላህ ውሳኔ ነው፤ ከፍተኛውም የአላህ ውሳኔ ነው፤ አንተም ከሁለቱ በየትኛው እንደምትቆም እንድትመርጥ አእምሮ ተሰጥቶሃል።

ምናልባት አንድ ሰው፣ «የኑሕ ልጅ ተራራ ላይ እወጣለሁ ብሎ አልዳነም» በማለት ይከራከር ይሆናል። እውነት ነው፤ አልዳነም። ያጠፋው ግን መውጣቱ አልነበረም፤ ያጠፋው አባቱ እየጠሩት የተዘጋጀውን መርከብ እምቢ ማለቱ ነው። ነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ.) መርከቡን የሠሩት ምድሩ ገና ደረቅ ሳለ፣ ሕዝቡም እየሣቀባቸው በሳንቃና በምስማር ነበር። አላህ ያለ ሳንቃና ያለ ምስማር ሊያድናቸው ይችል ነበር፤ ግን ሥሩ ብሎ አዘዛቸው።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ደመና ወይም ኃይለኛ ነፋስ ባዩ ጊዜ ፊታቸው ይለወጥ እንደ ነበር፣ ይገቡና ይወጡ እንደ ነበር፣ ዝናሙም በደህና በወረደ ጊዜ ጭንቀታቸው ይገለጥ እንደ ነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ምክንያቱን በጠየቋቸው ጊዜ የዓድን ሕዝብ አነሡላቸው። የዓድ ሕዝብ ወደ ሸለቆዎቻቸው የሚመጣውን ደመና አይተው ዝናም ሊያዘንብልን ነው ብለው ተደሰቱ፤ በውስጡ ያለው ግን የሚያጠፋቸው ነፋስ ነበር። ከፍጡራን ሁሉ በላይ በአላህ የሚመኩት ነቢይ ከደመና ፊት ይጨነቁ ከነበረ፣ የእኛ መዝናናት ከምን የመጣ ነው?

የዓድ አገር አሕቃፍ እንደ ብዙዎች ሙፈሲሮች አነጋገር በዑማንና በሐድረመውት መካከል ያለው የአሸዋ አገር ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1439 ዓመተ ሂጅራ በረመዷን ወር፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018፣ መኩኑ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሶቆጥራን መትቶ ካለፈ በኋላ በጁምዓ ማታ በሰላላ አጠገብ ወደ የብስ የገባው በዚያው አገር ነው። በጥቂት ቀን የወረደው ዝናም በዚያ ከተማ በብዙ ዓመት ከሚወርደው የበለጠ ነበር። ሰው ሁሉ ደረቅ ብቻ ነው የሚለው ሩብዑል ኻሊ በረሓ ሐይቅ ያዘ። ከዚያም እርጥብ አሸዋ የፈላው አንበጣ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት በመጣው ሌላ ዝናም ተባዝቶ፣ በ2019 የመንን አልፎ የሶማሌንና የኢትዮጵያን እርሻ ወረረ። በአንድ ባሕር ላይ የተነሣ ነፋስ በሌላ አገር ያለውን የገበሬ ማሽላ እስከ መብላት እንደሚደርስ ከዚህ ተረዳ።

ይህ ነፋስ እንዴት ይወለዳል? የባሕሩ ፊት ከ26 እስከ 27 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሲሞቅ ብዙ እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል፤ እንፋሎቱ ከፍ ብሎ ወደ ውሃ ሲመለስ የያዘውን ሙቀት ይለቃል፤ ያም ሙቀት አየሩን ይበልጥ ያነሣዋል፤ በዙሪያው ያለው አየርም ክፍተቱን ሊሞላ እየተሽከረከረ ይሮጣል። በዐረብ ባሕር ይህ የሚሆንበት ዘመን ሁለት ነው፤ አንደኛው የክረምቱ ነፋስ ከመግባቱ በፊት በግንቦትና በሰኔ፣ ሁለተኛው ከወጣ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ነው። የቀድሞ የባሕር ነጋዴዎች ይህን ያውቁ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት የነበሩት የጁልፋሩ የባሕር ሊቅ አሕመድ ኢብኑ ማጂድ መርከብ የሚነሣበትንና የሚታሰርበትን ዘመን ለይተው በመጽሐፋቸው አስተምረዋል። ዛሬ አውሮፓውያን «ሞንሱን» የሚሉት ቃል እንኳ ከዐረቦች «መውሲም» የተወሰደ ነው።

ይህን ያነሣሁት አለነገር አይደለም። «ነገ ይዘንባል የሚል ሰው የሩቁን ምስጢር ዐወቅሁ ማለቱ ነው፤ አትስሙት» የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። የሩቁን ምስጢር የሚያውቅ አላህ ብቻ መሆኑ የማይጠረጠር ነው። ነገር ግን ደመናን ከሰማይ ላይ በመሣሪያ አይቶ፣ ወዴት እንደሚሄድ ለክቶ የሚናገር ሰው፣ ጭስ አይቶ እሳት አለ እንደሚል ሰው ነው። የሰሜን ሕንድ ውቅያኖስን ዐውሎ ነፋሶች የሚከታተለው የኒው ዴልሂ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያውን ለየአገሩ ያስተላልፋል፤ በየአገሩ ያለው መሥሪያ ቤትም በራዲዮና በስልክ ለሕዝቡ ይናገራል። ማስጠንቀቂያው አንዳንድ ጊዜ ሳይደርስ የሚቀር መሆኑን አልክድም። ሦስት ጊዜ ሸሽተህ ምንም ባይመጣ፣ ሦስት የሰላም ሌሊት ስለ ሰጠህ አላህን አመስግን፤ በአራተኛው ጊዜ ግን «እነዚህ ሁልጊዜ ይዋሻሉ» ብለህ አትተኛ።

አሁን ወደ ነፋሱ ራሱ እንምጣ። ነፋሱ ሲደርስ ከመስኮት ራቅ፤ በቤትህ መካከል ባለው፣ ግንቡ በጠነከረው ክፍል ቤተሰብህን ሰብስብ። ቆርቆሮና ሳንቃ በዚያ ጊዜ እንደ ሰይፍ ይበራሉ። ከዛፍ ሥር፣ ከአሮጌ ግንብ ሥር አትጠለል። ከሁሉ በላይ ግን ይህን ዕወቅ፤ የዐውሎ ነፋስ መካከል ዓይን ይባላል፤ በዚያ ውስጥ ነፋስ የለም፤ ሰማዩም ይገለጣል። ዓይኑ በከተማህ ላይ ባለፈ ጊዜ ሁከቱ ድንገት ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ ነው ነጋዴው ሱቁን ሊያይ፣ ወጣቱ ጀልባውን ሊያስር የሚወጣው። ጥቂት ቈይቶ ግን ነፋሱ ከፊተኛው በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣል፤ በመንገድ ላይ ያገኘውንም ይጥለዋል። ማለፉን የሚያውቁ ሰዎች እስኪነግሩህ ድረስ በራፍህን አትክፈት።

ብዙ ሰው የሚሞተው ግን በነፋስ ሳይሆን በውሃ ነው። የአገራችን ሰው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላል፤ ይህን የተናገረ ሰው ደራሽ ውሃን ያየ ሰው መሆን አለበት። ወደ ቍርጭምጭሚትህ የደረሰ፣ 15 ሳንቲሜትር ብቻ የሚሆን ፈጣን ውሃ ጐልማሳን ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሳንቲሜትር ሲሆን ትንሽ መኪናን ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲሜትር ሲሆን አብዛኞቹን መኪናዎች ይዞ ይሄዳል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን መመዘኑን አንተ የምትሸጥና የምትጭን ሰው ታውቃለህ። ፍጥነቱም በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ በእጥፍ ብቻ አይጨምርም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ሾፌሩ ግን የሚያየው የውሃውን ፊት ብቻ ነው፤ ከሥሩ መንገዱ ተቈርሶ ይሁን አይሁን አያይም። ትናንት ተሻግሬዋለሁ የሚለው የትናንቱን መንገድ ነው።

በ1430 ዓመተ ሂጅራ፣ በዙልሒጃ 8ኛው ቀን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በኅዳር 25 ቀን 2009፣ ሐጃጆች ወደ ሚና በሚወጡበት ዕለት፣ በጂዳ ከተማ በአራት ሰዓት ያህል ውስጥ ወደ 90 ሚሊሜትር የሚሆን ዝናም ወረደ። ቍጥሩ ለሰሚ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 90 ሚሊሜትር ማለት በእያንዳንዱ ስኩዌር ኪሎሜትር ላይ 90000 ቶን ውሃ ማለት ነው። ውሃውም ከምሥራቅ ካሉት ኰረብቶች በጥንት መንገዱ ወርዶ፣ በዋዲው ውስጥ የተሠሩትን ሰፈሮች አገኘ። ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በመኪናቸው ውስጥ የነበሩ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊትም በሰኔ 2007 ጎኑ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ዑማንን በመታ ጊዜ ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች የሞቱት፣ የመስቀጥም ሰፈሮች የጠፉት፣ ይበልጡን በዋዲዎች ጎርፍ ነው። ዋዲ ሃያ ዓመት ቢደርቅ መንገዱን አይረሳም። ርካሽ ነው ተብሎ በደረቅ ወንዝ ውስጥ የተገዛ ቦታ ዋጋው አንድ ሌሊት ይከፈላል።

የደርናን ነገር ግን ልብ ሳይደማ መናገር አይቻልም። በ2023 መስከረም 10 ለ11 ሌሊት ዳንኤል የተባለው የሜዲትራንያን ማዕበል የሊብያን አረንጓዴ ተራራ መታው፤ በበይዳ ከተማ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ400 ሚሊሜትር በላይ ዘነበ። ከደርና በላይ በዋዲው ላይ በ1970ዎቹ የተሠሩ ሁለት የአፈር ግድቦች ነበሩ። ግድቦቹ ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው፣ ትልቅ ጎርፍ ከመጣም በከተማው ላይ መዓት እንደሚያመጡ አንድ የአገሩ ሊቅ በ2022 በጽሑፍ አስጠንቅቆ ነበር። ጥገናው አልተደረገም። በዚያ ሌሊት አንዱ ለቋሚው ከባሕሩ ራቁ፣ ሌላው ከቤታችሁ አትውጡ ሲል ትእዛዙ ተለያየ፤ ግድቦቹም ሰው በተኛበት ተሰበሩ፤ የከተማው መካከል ከነቤተሰቡ ወደ ባሕር ሄደ። በሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች አለቁ። እዚህ ላይ «የአላህ ውሳኔ ነው» ብሎ ዝም ማለት አይበቃም። የሙስሊሞች ሹመት አማና ነው፤ ግድብን የሚጠብቅ ሰው እንደ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛ ተኝቶ ሌባ ቢገባ ሌባውን የላከው ውሳኔ ነው ብሎ ማንም አይለቀውም። በሳባእ አገር የመእሪብ ግድብ ፈርሶ ሕዝብ መበተኑ በቁርኣን የተነገረን እንድናስተውለው ነው።

ተርጓሚው በዚህ ላይ ከገዛ አገሩ ይጨምራል። በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ፣ ከከተማው በላይ ባለው ደጋ የዘነበው ዝናም በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ፤ የገበያውንም ዕቃ ጠረገ። ውሃው የመጣው ሰው በተኛበት ሲሆን፣ ዝናሙ የወረደው ከላይ በተራራው ላይ ነበር። ስለዚህ ከወንዝ ዳር የምታድር ሰው ሆይ፣ የራስህን ሰማይ ብቻ አትይ፤ ተራራውን ተመልከት። ውሃው ደፍርሶ ሲመጣ፣ ቅጠልና እንጨት ሲይዝ፣ ከላይም እንደ ከባድ መኪና የሚጐተጉት ድምፅ ስትሰማ፣ ዕቃ ለማንሣት ጊዜ የለም። ልጆችህን ይዘህ ወደ ከፍታው በእግርህ ውጣ፤ ወደ ወንዙ ወደ ታች አትሩጥ፤ ውሃው ከአንተ ይፈጥናል። በግንቦት 2018 ሳጋር የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ በምዕራባዊው የሶማሌላንድ ጠረፍ በገባ ጊዜ፣ ጂቡቲን በውሃ ከሞላ በኋላ ዝናሙ እስከ እኛ ምሥራቅ ደርሷል። ባሕር የሌለው አገር ከባሕር ነፋስ የዳነ እንዳይመስለው። ተርጓሚው እዚህ ላይ ያበቃል።

መካ ራሷ የዋዲ ከተማ ናት። የተከበረው ካዕባ በሸለቆ መካከል የቆመ በመሆኑ ጎርፍ ብዙ ጊዜ ደርሶበታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመላካቸው በፊት ቁረይሾች ቤቱን እንደገና የሠሩት ጎርፍ ከጐዳው በኋላ ነው። በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ኡሙ ነህሸል የተባለው ጎርፍ የኢብራሂምን መቆሚያ ከቦታው ነቅሎ በወሰደ ጊዜ ዑመር ከመዲና መጥተው ወደ ስፍራው መለሱት፤ በዚያም ሳይወሰኑ ከላይ የጎርፍ መከላከያ ግንብ አሠሩ። በ1039 ዓ.ሂ. ደግሞ የጎርፍ ውሃ የካዕባን ግድግዳ ጥሎ በሱልጣን ሙራድ ዘመን እንደገና ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1941 ውሃው በሐረሙ ውስጥ ሞልቶ ሰዎች እየዋኙ ጠዋፍ ሲያደርጉ የተነሣው ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። የአላህ ቤት እንኳ በግንብና በቦይ ከተጠበቀ፣ የአንተ መጋዘን ያለ ቦይ መቆሙ ትምክሕት ነው እንጂ ተወኩል አይደለም።

የመስጊድ ሰዎችም ይስሙ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በዝናማማ ጁምዓ ቀን ሙአዚናቸውን ሕዝቡን ወደ ሰላት በመጥራት ፈንታ በየቤታቸው እንዲሰግዱ እንዲያውጅ አዘዙት። ሰዎቹ በነገሩ ባደነቁ ጊዜ ከእሳቸው የበለጡት፣ ማለትም ነቢዩ፣ ይህን ማድረጋቸውን ነገሯቸው። ይህ ለጭቃ የተሰጠ ፈቃድ ነው፤ ለጎርፍማ ምንኛ የሚገባ ነው! ሙአዚን የዐውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው በድምፅ ማጉያው ይንገር፤ ሚናራው ለዚህም ያገለግላል። የመስጊዱ ወለል ከፍ ያለ ከሆነ በሩ ለሁሉም፣ ለሙስሊሙም ላልሆነውም፣ ሌሊቱን ክፍት ይደር።

በጎርፍ ሰምጦ የሚሞት ሰው ከሸሂዶች እንደሚቈጠር በሐዲስ ተነግሮናል፤ በፍርስራሽ ሥር የሚሞተውም እንዲሁ። ይህ ለቀሩት ዘመዶች መጽናኛ ነው። ሆኖም ውሃ ውስጥ ዘሎ የሚገባ ሰው ይህን ምክንያት እንዳያደርገው፤ ነፍስን በገዛ እጅ ወደ ጥፋት መጣል የተከለከለ ነው። የሰመጠን ሰው ለማዳን እንኳ በቅድሚያ ገመድ፣ ረጅም እንጨት ወይም ባዶ ጀሪካን ጣልለት፤ ዋና ሳታውቅ ከገባህ የሚቀበረው አንድ ሳይሆን ሁለት ይሆናል።

ቤትህን በደረቅ ቀን አዘጋጅ። የሦስት ቀን የሚጠጣ ውሃ በንጹሕ ዕቃ ቅዳ፤ የእጅ ባትሪ፣ መድኃኒት፣ ተምር ወይም የማይበላሽ ምግብ በአንድ ቦርሳ አኑር። ለሚስትህና ለልጆችህ ወዴት እንደሚወጡ አስቀድመህ ንገር፤ አንተ በሱቅ ሳለህ ውሃው ቢመጣ አንተን እንዳይጠብቁ ቊርጥ አድርገህ ንገራቸው። ብዙ እናቶች ባል እስኪመጣ ሲጠብቁ ውሃው ቀድሞባቸዋል። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ በሽተኛ ጐረቤት ካለህ የጐረቤት ሐቅ በዚያ ሌሊት ይጠየቃል። ውሃው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት የመብራቱን ቆጣሪ አጥፋ፤ እግርህ እርጥብ ሳለ ግን አትንካው።

የዕዳ መዝገብህን ከታችኛው መሳቢያ አንሥተህ በላስቲክ ጠቅልለህ ከፍ ካለ ስፍራ አኑር፤ ወይም ገጾቹን በስልክህ ፎቶግራፍ አንሥተህ ለምታምነው ዘመድ ላክ። አንተ ብትሞት ያለብህን ማን ያውቃል? ዕዳ በነፍስ ላይ የሚቀር ነገር ነው፤ ሙስሊምም ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሌሊት እንዳያሳልፍ የታዘዘው ለዚህ ነው። ጆንያውን በርብራብ ላይ ደርድር፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ለአላህ ትተህ ውጣ። ማስጠንቀቂያ በተሰማ ቀን የሻማን፣ የውሃንና የቆርቆሮን ዋጋ የሚያነሣ ነጋዴ ግን ከጎርፉ በፊት የደረሰ ጎርፍ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ አልናገርም።

ውሃው ካለፈ በኋላ ጕድጓድህን አትመን፤ የመጸዳጃ ቤት ውሃ ተቀላቅሎበታልና አፍልተህ ጠጣ፤ ኮሌራ ከጎርፉ በኋላ የሚመጣ ነው። ጭቃ የነካውን ግድግዳ ሳትመረምር ወደ ውስጥ አትግባ። በወደቀ የመብራት ሽቦ አጠገብ አትለፍ።

ከዚያም በኋላ የነጋዴው ትልቁ ፈተና ይመጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር አስገቡ፤ ጣታቸውም እርጥበት አገኘ። ባለ እህሉን በጠየቁት ጊዜ ዝናም እንዳገኘው ተናገረ። እሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ባለማድረጉ ወቀሱት፤ የሚያታልልም ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ ነገሩት። ክቡር አንባቢ ሆይ! ያ ሰው ዝናምን ያመጣ አልነበረም፤ ኪሣራውም እውነተኛ ኪሣራ ነበር፤ ግን ኪሣራውን በደረቁ እህል ሥር ሸሽጎ ለገዢው ማውረስ አልተፈቀደለትም። አንተም ውሃ የነካውን ጤፍና በርበሬ፣ ጭቃ የገባበትን ጨርቅ ለይተህ አስቀምጥ፤ የሚሸጥ ቢሆን ዋጋውን ቀንሰህ ጕዳቱን እየተናገርህ ሽጥ፤ የሻገተውን እህል ግን ለሰው አትሽጥ፤ ቅበረው። በዱቤ የወሰዱብህ ሰዎች ቤታቸው ፈርሶ ከሆነ እስኪያገኙ ድረስ ጊዜ ስጣቸው፤ ከቻልህም ተውላቸው። በመዝገብህ ላይ ከስማቸው ጐን የምትጽፈውን ቀን ዛሬ ማታ፣ ጭቃው ከበራፍህ ሳይጠረግ ጻፈው።